በጾም የተቀመመ ቋሊማ

ሻርጃ ውስጥ ውሃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ሁሉ ሆዱ ነጭ ቅርፊት ያወጣል። አል ተዓውን የሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት በሳምንት አንድ ቀን መልህ ለይሙን የሚሉትን ነጭ ዱቄት አንድ ማንኪያ ጨምሬ አፈላዋለሁ፤ ያ ድንጋይ የሆነ ቅርፊት ሟሙቶ ከውሃው ጋር ይደፋል። ሲትሪክ አሲድ የሚሉት ይኸው ነው፣ የሎሚ ጨው። ታዲያ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ገና በመጣሁ በወሩ፣ የማዳም እናት ከዚያው ጠርሙስ ቆንጥረው የተፈጨ ሥጋ ላይ ሲነሰንሱ ሳይ፣ ሴትዮዋ ጃጅተዋል ብዬ ነበር። ድንጋይ የሚያሟሟ ነገር ሰው ሆድ ይገባል? ግን አዲስ ሰው አይጠይቅም።

ቤተሰቡ ሶሪያዎች ናቸው። ቋሊማ ይወዳሉ፤ ነቃኒቅ ይሉታል፣ ጣት የምታክል፣ በበግ አንጀት የምትሞላ። እናትየው በየዓመቱ የብርዱን ወራት ልጃቸው ጋ ሊያሳልፉ ሲመጡ ሙያውን አስያዙኝ። መጀመሪያ የተጣላነው በአንጀቱ ነው። ከሱቅ በጨው ታሽጎ የመጣ ንጹሕ አንጀት ነው፣ አንዴ ለቅለቅ አድርጊው ይላሉ፤ እኔ ሰባት ጊዜ በሎሚ ካላጠብኩት እጄ አይነካውም። በሰባተኛው አንጀቱ ተበጣጠሰ። ከዚያ በኋላ እሳቸው ያሉኝን ማድረግ ጀመርኩ፣ ቢያንስ እያዩኝ።

ሥጋው ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከጨው፣ ከቁንዶ በርበሬ፣ ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከድንብላል ጋር ይታሻል፣ እጅ እስኪደነዝዝ ይታሻል፤ መዳፍሽን ገልብጠሽው ሥጋው ተጣብቆ ከቀረ ያኔ ደርሷል። መልህ ለይሙኑ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ አንጀቱ ውስጥ ሊሞላ ሲል ብቻ፣ እሱንም እሳቸው ራሳቸው ናቸው የሚቆነጥሩት። ለምን በሎሚ አይሆንም ብዬ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ ሎሚ ውሃ ነው፣ ሥጋ ያላላል አሉኝ። ለምን መጨረሻ ላይ እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። አሁን ልጠይቃቸው ብል የሉም፤ ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማረው። ላልጠየቅኩት ነገር ዘንድሮ እህቴ ልትከፍል ነበር።

እዚህ ላይ ስለ እኔ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጾሜን አልገድፍም። እዚህ አገር የቀረብኝ ብዙ ነው፤ በዓል ሲደርስ እኔ የሰው መታጠቢያ ቤት ሳሻሽ ያልፋል፣ የእናቴን እጅ ከሳምኩ ዘመን ሆነኝ። የቀረልኝ ጾሜ ነው። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ዓቢይ ጾም፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ የገና ጾም፤ ሲቆጠር ከፍስኩ ጾሙ ይበልጣል። ማዳም ቤት ደግሞ ሥጋ የማይሠራበት ቀን የለም። ስለዚህ ሳልቀምስ መሥራት ተማርኩ፣ ጨውን በእጄ፣ ቅመሙን በአፍንጫዬ። መጀመሪያ የግዴን ነበር፤ ኋላ ኩራቴ ሆነና በፍስኩም ቀን መቅመሱን ተውኩት። እንግዶች «እጅሽ ይባረክ» ሲሉኝ ልቤ ያብጣል። የአገሬ ልጆች ማንኪያ እየላሱ ሲያበስሉ ካየሁ ደግሞ አላልፍም፣ ሙያ የሌላት ምላሷን ታበዛለች እላለሁ። እንዲህ ያለ አፍ ነው ያለኝ።

እህቴ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ናት። እኔ ስመጣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ሃያ ሦስት ሆኗታል። ያደገችው በስልክ ነው ማለት ይቻላል፣ እኔ በስልክ እየተቆጣኋት። ለምን ከትምህርት ቤት ዘገየሽ፣ የእማዬን መድኃኒት ለምን ረሳሽ፣ ፎቶው ላይ ያለው ቀሚስ ለምን አጠረ። «እሺ እትዬ» ትለኛለች። እትዬውን ተይው፣ እህትሽ ነኝ ብላትም አልተወችም። ባለፈው ዓመት እዚህ ስትገባ ኤጀንሲው ቢሮ ድረስ ሄጄ ሳቅፋት ደርቃ ቆመች። አፍራ ነው ብዬ አለፍኩት።

ያስመጣኋት በእኔ ቃል ነው። ኤጀንሲውን፣ ጎበዝ ናት፣ እኔ አለሁ ብዬ ነው ያሳመንኩት። መጀመሪያ ዱባይ፣ አል ጋርሁድ አካባቢ አንድ ቤት ገባች፤ በሦስት ሳምንቷ መለሷት። ምን አጠፋች ብል፣ ያጠፋችው የለም፣ አትናገርም አሉ። ሳህን ተሰብሮ ማን ሰበረው ሲሏት ዝም፣ ደክሞሻል ወይ ሲሏት ዝም። ሁለተኛው ቤት ሁለት ወር ቆየች፣ እዚያም ያው ሆነ። ቆሽቴ አረረ። አፍ የለሽም ወይ፣ ለምን አትናገሪም ብዬ ጮህኩባት። እኔንም ዝም አለችኝ። የኤጀንሲው ሰውዬ ቁርጡን ነገረኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰች ኸላስ፣ ትኬቷ ወደ አገር ቤት ነው።

ሦስተኛው ቤት አጅማን ነው። እግዜር የሰጠን ቤት ነው ማለት እችላለሁ። ማዳሟ ለስላሳ ሴት ናት፣ እሑድ እሑድ ትለቃታለች። እኔና ሦስት ሴቶች ለእረፍት ቀናችን የተከራየናት፣ ቢድ ስፔስ የሚሏት፣ አልጋ በአልጋ የሆነች አንዲት ክፍል አለችን፤ እህቴ እዚያ ትመጣና አብረን እንበላለን። ብዙ አታወራም። ግን አልጋዬ ላይ ጋደም ትላለች፣ ጸጉሯን እሠራታለሁ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በሳምንት አንድ ቀን የማያት የራሴ ሰው አገኘሁ፤ ስለዚህ ነገር ሳስብ ሥራዬ ሁሉ ይቀለኛል። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ነው የቋሊማው ጣጣ የመጣው።

ዘንድሮ ዓቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። የእህቴ ማዳም ባል ሶሪያዊ ነው፤ እናቱና እህቶቹ ለኢፍጣር ሊመጡ ቀን ተቆረጠ። ማዳሟ አማቷን ትፈራለች። አማቷ የሚሠሩትን ዓይነት ነቃኒቅ እቤቷ ሠርታ ልታቀርብ ፈለገች፣ የቤቱ አብሳይ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጠቅልላ ወደ አገሯ ሄዳለች። እህቴን ትችያለሽ ወይ ብላ ብትጠይቃት፣ ያቺ ዝምተኛ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ፣ «እህቴ ታውቃለች» አለቻት። ከቻለች ኩሽናው የእሷ ይሆናል፤ ካልቻለች ማዳሟ እሷን መልሳ ማብሰል የምትችል ሌላ ሴት ልትወስድ ነው። በክፋት አልተናገረችውም፣ ካሁን በኋላ ሁለት ሠራተኛ ማኖር አንችልም ነው ያለቻት። ሹግል ሹግል ነው፣ ሥራ ሥራ ነው።

እኔ ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። ይኼማ በእጄ ያለ ነገር ነው አልኩ። ትምህርቱን በስልክ ጀመርን። ማዳሟ ከሱፐርማርኬት የተዘጋጀ የቋሊማ ቅመም በፓኬት ገዝታላታለች። እህቴ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራለች፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበበችልኝ፤ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ድንብላል፣ ሲትሪክ አሲድ። «አሲዱ አለበት እኮ እትዬ» አለችኝ። የፓኬት ቅመም ለስሙ ነው፣ ወረቀት ላይ ምን የማይጻፍ አለ፣ አንቺ ለሁለት ኪሎው አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ መልህ ለይሙን ጨምሪበት አልኳት። ሁሉንም አንድ ላይ አሽተሽ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ቅመሙ ይግባበት፣ ነገ ትሞዪዋለሽ አልኳት። በእኛ ቤት ወዲያው ነው የሚሞላው። ግን እኛ አገር ሥጋ በቅመም ታሽቶ አይደል የሚያድረው? ከአሮጊቷ የተማርኩትን ከእናቴ ቤት ልማድ ጋር ደባልቄ ላኩላት። አዋቂ ነኝ ባይ ነኝና አልተጠራጠርኩም።

አሽታ ስትጨርስ መልሳ ደወለች። ማዳሟ ትንሽ ጠብሰሽ ቅመሽው ብላታለች። እሷ ራሷ ረመዳን ይዛለች፤ አንቺ ክርስቲያን ስለሆንሽ አንቺ ትችያለሽ ነው ያለቻት። የእኛን ጾም ከየት ታውቀዋለች። እህቴ ይኼን ሁሉ ቀስ ብላ ነገረችኝና፣ «ትንሽዬ ልቅመሰው እንዴ?» አለችኝ።

ያልኳትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ብረሳው በወደድኩ።

«በዓቢይ ጾም? ሥጋ? ለሰው ቤት ሹግል ብለሽ? እኔ አሥራ አንድ ዓመት ምላሴን አላስነካሁም። ብትቀምሺው እህትሽ አይደለሁም፣ እሑድም እንዳትመጪ።»

«ታዲያ ማን ይቅመሰው?» አለችኝ።

«እጅሽ ይቅመሰው» አልኳትና ዘጋሁት።

ይቺን አነጋገሬን በጣም ወደድኳት። ለቢድ ስፔስ ጓደኛዬ ሳይቀር በድምፅ ቀድቼ ላኩላት፤ እህቴን እንዴት እንደመለስኳት ስሚ ብዬ። ጓደኛዬ ሳቀችና፣ አንቺ ሴትዮ እኮ ስትቆጪ ልጅቷ ትንፋሿም አይሰማ አለችኝ። ነገሩን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከእህቴ ፎቶ መጣ። ሳህኑ ውስጥ ያለውን ሥጋ ነው ብሎ ለመናገር ያስቸግራል። ቀዩ አመድ መስሏል፣ ሥሩ ውሃ አቁሯል፣ ዳር ዳሩ ተቀቅሎ የወጣ ነው የሚመስለው። ከፎቶው ሥር ሁለት ቃል ብቻ ጽፋለች፤ «ምን ላድርግ»። ደወልኩላት። አልጣበቅ አለኝ፣ እጄ ላይ ይበታተናል አለችኝ። ማዳሟ ተኝታለች፣ ከሰዓት በኋላ ተነስታ ታየዋለች፤ እንግዶቹ ማታ ለኢፍጣር ይደርሳሉ። ወይ ነዶ!

የእኔም ማዳም በረመዳን እስከ ቀትር ትተኛለች። በሯን አንኳኩቼ ቀሰቀስኳት፣ በአሥራ አንድ ዓመት አድርጌው የማላውቀውን። እህቴ ሙሽኪላ ገጥሟታል፣ ልሂድ አልኳት። ሾርባው አሥር ሰዓት ላይ እሳት ላይ ካልሆነ ብላ ጣቷን ወዘወዘችብኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፈቃድ መሆኑን እኔ ነኝ ለራሴ የተረጎምኩት።

ሥጋ ቤት ሄጄ ሁለት ኪሎ አስፈጨሁ። ሥጋ ሻጩን ጾሙ አድክሞት ኖሮ ፌስታል ፍለጋ ዘመን ፈጀ። ታክሲ ያዝኩ። ሻርጃና አጅማን ጎረቤት ናቸው፣ አፍንጫ ሥር ነው ይላል ሰው፤ እስቲ ያለው ሰው ጭኑ ላይ ጥሬ ሥጋ አስቀምጦ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ቀጥ ብሎ በቆመ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ይሂድ። መንገዱን ሙሉ የምቆጣው ደግሞ እሷን ነው። ይኼ ያቅታል? ያልኳትን በትክክል አላደረገችውም፣ ልቧ ሥራ ላይ አይደለም፣ እጇ ሙያ የለውም፤ ሁሉንም በሆዴ ጨርሼባት ደረስኩ። ሕንጻው በር ላይ ያለው ዘበኛ ማን ጋ ነሽ፣ መታወቂያ አምጪ እያለ የቀረችኝን ትዕግሥት ወሰዳት።

እህቴ ኩሽናው ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ሰላም እንኳ አላልኳትም። ማዳሟ ከግድግዳው ማዶ ተኝታለችና የምጮኸው በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ መጮህ እንዴት አንጀት እንደሚያሳርር የሞከረው ያውቀዋል። ምን ያህል ጨመርሽ አልኳት። አንድ የሻይ ማንኪያ አለች። ሙሉ? ሙሉ። ሌላስ? የፓኬቱን። ያልኩሽን ብቻ ነው ያደረግሽው? ያልሽኝን ብቻ አለች።

ፓኬቱን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ያኔ ነው የገባኝ። የፓኬቱ አሲድ ለብቻው በቂ ነበር፤ በላዩ የእኔ ማንኪያ ተደረበበት፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሥጋው ውስጥ ተቀምጦ ያለ እሳት አበሰለው። አሮጊቷ መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ያውም በቁንጥጫ የሚጨምሩት ለዚህ ኖሯል። ይኼ ነገር ድንጋይ እንደሚያሟሟ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ በየሳምንቱ ማንቆርቆሪያ የማጸዳበት እኔ ነኝ። ሥጋን የሚምረው ለምን መሰለኝ? ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ይኼን አልነገርኳትም። «ያላ፣ ሳህን አጥቢ» ነው ያልኳት።

አዲሱን ሥጋ አብረን አሸነው። ከፓኬቱ የተረፈውን ቅመም ብቻ ጨመርን፣ መልህ ለይሙኑን ከአጠገባችን አራቅኩት። እየታሸ ሲሄድ መያያዝ ጀመረ፤ መዳፌን ብገለብጠው አልወደቀም። አሁን አንድ ነገር ቀረ። ይኼን ፓኬት አላውቀውም። ጨዉ ምን ያህል ነው፣ ኮምጣጣነቱ ምን ያህል ነው፣ አፍንጫዬ ምንም አይነግረኝም። ትናንት እጅሽ ይቅመሰው ያልኩት ሴትዮ እጄን አየሁት። ቅባት የነካው እጅ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ትንሽ አድቦልቡዬ ጠበስኩ። ሽታው ኩሽናውን ሞላው። ሁለታችንም ቆመን አየነው። ማዳሟ መኝታ ቤት ውስጥ ስትገላበጥ አልጋው ሲንቋቋ ሰማን፤ መንቃቷ ነው።

«እኔ ልቅመሰው» አለች እህቴ።

አንቺ አትነኪውም አልኳት። ኃጢአቱ የእኔ ይሁን፣ እሷ ትዳን ብዬ ነው። ከአፌ የወጣው ግን እንደ ቁጣ ነው። የምለው ነገር ሁሉ እንደ ቁጣ ነው የሚወጣው፣ ፍቅሬም ጭምር፤ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

አማተብኩና አፌ ውስጥ ከተትኩት። ቀምሼ ልተፋው ነበር ያሰብኩት፣ ደንግጬ ዋጥኩት። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ነገር በአንዲት ቁራሽ ሄደ። አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የመጣልኝ ሐሳብ ግን ጨው ይጎድለዋል የሚል ብቻ ነው። ቆንጥሬ ጨመርኩ፣ ሌላ ጠበስኩ፣ ሌላ ቀመስኩ። ደህና ነው። ከዚያ በእልህ ያንን የተበላሸውንም ከሳህኑ አንስቼ ጠበስኩት። መጥበሻው ላይ ፍርፍር አለ። አፌ ሲገባ ጥርሴን አጠረሰኝ፣ ጉንጬ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ።

«ወይ ጉድ» አልኩ። «ይኼን እኮ ሕፃን ልጅ ቢቀምሰው ያውቀዋል።»

እህቴ ቧንቧው ሥር አንጀቱን እያለቃለቀች ነበር። ቀና አላለችም።

«ቀምሼዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ትናንት ስደውልልሽ ቀምሼው ነበር። ኮምጣጣ መሆኑን ልነግርሽ ነው የደወልኩት።»

ቧንቧውን ዘጋሁት። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እህትሽ አይደለሁም፣ እሑድም እንዳትመጪ አልሽኝ።»

«አገርሽ ሊመልሱሽ እኮ ነው! አታውቂም?»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

ልጅቷ መባረሩን አስባዋለች፣ የእኔንም ቁጣ አስባዋለች፣ ከሁለቱ መባረሩ ይሻለኛል ብላ ሥጋውን ፍሪጅ ውስጥ አስገብታ ተኝታለች። ልቅመሰው እንዴ ያለችኝ ፊቴን ልታይ ነበር፣ በስልክም ቢሆን። ሳህን ሲሰበር ዝም ያለችው፣ ደክሞሻል ወይ ሲሏት ዝም ያለችው፣ ከሁለት ቤት ያስመለሳት ያ ዝምታ ከየት እንደመጣ እዚያ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ገባኝ። አፍ የለሽም ወይ ብዬ የጮህኩባት ልጅ አፍ ነበራት። የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ፣ ካርድ ሞልቼ በምደውለው ስልክ። አፈርኩ። ደግሞም ተናደድኩ፣ በእሷም በራሴም፤ ይኼን ነገር ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ እያልኩ እንደገና በሆዴ ስቆጣት ራሴን ያዝኩት።

አብረን ሞላነው። እሷ አንጀቱን ትይዛለች፣ እኔ ሥጋውን እገፋለሁ። እጇ ጥሩ ነው፣ አየር አያስገባም፣ ስትቋጥረው እኩል እኩል ነው። ጎበዝ ልላት አፌ ድረስ መጣና፣ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ፈርቼ ተውኩት። ማዳሟ ተነስታ ስትገባ ሃያ ምናምን ቋሊማ በትሪ ተደርድሯል። እኔን አይታ ግር አላት። እህቷ ነኝ፣ ላያት መጥቼ ነው አልኳት። ትሪውን አየችና ለእህቴ ማሻአላህ አለቻት። የተበላሸውን ሥጋ በፌስታል ቋጥሬ ይዤው ወጣሁ።

ታክሲው ውስጥ ጥርሴ እንደጠረሰ ነበር። የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። እኔ መጀመሪያ ላስኩ፣ አሁን ደግሞ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ አለቀስኩ። ሾርባው ዘግይቶ ተጣደ፤ ማዳም ተቆጣችኝ፣ እኔም ዝም አልኳት። ዝም ሲባል እንዴት እንደሆነ ያን ቀን ትንሽ ቀመስኩት።

ከኢፍጣር በኋላ ከእህቴ መልእክት መጣ። «ወደዱት። አማትየው ሁለት ጊዜ አነሱ።» በሳምንቱ ማዳሟ ኤጀንሲው ጋ ደውላ ልጅቷ ትቆይልኛለች፣ ኩሽናውን ይዛለች አለች። የኤጀንሲው ሰውዬ ለእኔ ደውሎ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ለነፍስ አባቴም በስልክ ተናዘዝኩ። ሥጋ መቅመሴን፣ መዋጤን፣ ደግሜም መቅመሴን ስነግራቸው ቁጣ ጠብቄ ነበር። ስግደት ሰጡኝና፣ እህትሽስ እንዴት ናት አሉኝ። ደህና ናት አልኳቸው።

እሑድ መጣች። በሩን ስትከፍት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደማያት ሆኜ አየኋት፤ ገብታ ጫማዋን አውልቃ የት እንደምታስቀምጠው እንኳ ዓይኔን ታያለች። እዚያው አልጋዬ ላይ ጋደም አለች። እኔ ምስር ወጥ ጥጄ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርደው የነበረ ነገር አለኝ፤ ካሁን በኋላ የተበላሸ ነገር ካየሽ ንገሪኝ፣ አልቆጣም ልላት ፈልጌ ቃሉን ማሳመር አቃተኝ። በእጄ ልንገራት ብዬ ወሰንኩ። ወጡ ሲበስል በማንኪያ ቆንጠር አደረግኩና ወሰድኩላት።

«ቅመሽልኝና የጎደለ ካለ ንገሪኝ» አልኳት። ድምፄን የቻልኩትን ያህል አለሰለስኩት።

ተነስታ ተቀመጠች። ማንኪያውን አፏ ውስጥ ከተተች፣ ዋጠች። ወጡን ሳይሆን ፊቴን ነበር የምታየው።

«ይጣፍጣል እትዬ» አለችኝ፣ «እጅሽ ይባረክ።»

እንድትነግረኝ ብዬ ጨው የሚባል አልጨመርኩበትም ነበር።